ሦስት ኪሎዬ የት ሄደ?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናት። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ቦርጬ አስቸግሮኛል። ሁለት ወር ሙሉ ያልሞከርኩት ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት 200 ሲት አፕ እሠራለሁ። ስሠራ ሆዴን በላስቲክ እጠቀልላለሁ፤ ላቡ ለጉድ ነው። በባዶ ሆዴ ሙቅ ውሃ በሎሚ እጠጣለሁ። ዳቦና ሩዝ አቁሜአለሁ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ምንም አልቀምስም። ስጀምር 76 ኪሎ ነበርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት 73 ስገባ በደስታ ልሞት! ከዚያ ወዲህ ግን ሚዛኑ ከፍ ዝቅ እያለ ይኸው 74 ላይ ተቸክሎ ቀረ። ሆዴ እንዳለ ነው። የከሳው ፊቴ ነው። ሰው ሁሉ ‹አሞሽ ነበር እንዴ?› ይለኛል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቦርጭ የሚያጠፋ ሻይ ሰጥታኛለች። ምንም ጽሑፍ የለበትም፤ እሷ ግን በወር 6 ኪሎ ቀንሳበታለች። ልጀምረው? ወይስ የእኔ ሰውነት ከሰው የተለየ ነው? ከሁለት ዓመት በፊት እለብሰው የነበረው ሰማያዊ ቀሚሴ ዚፑ ወገቤ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል።»

መልስ፦

እህቴ፣ ሻዩን አትጀምሪው። ምክንያቱን ቆየት ብዬ እነግርሻለሁ። ሰውነትሽም ከሰው የተለየ አይደለም። ሁለት ልጅ ይዞ፣ ሁለት ወር ሙሉ በየጠዋቱ 200 ሲት አፕ መሥራት ቀልድ አይደለም። ጉልበቱም ጽናቱም አለሽ። ያለ ቦታው ፈሰሰ እንጂ።

መጀመሪያ ሦስቱን ኪሎ እንፈልግ፤ ልብሽን የሰበረው እሱ ነውና።

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ (ካሎሪ የጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይዟል። ሦስት ኪሎ ስብ ማለት 23,100 ካሎሪ ነው። በሰባት ቀን ለማጥፋት በየቀኑ 3,300 ካሎሪ ማጉደል ነበረብሽ። በአንቺ ቁመትና ክብደት ያለች ሴት ደግሞ በቀን በጠቅላላ የምታቃጥለው 2,000 አካባቢ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እህል በአፍሽ ባይዞር እንኳ ሒሳቡ አይሞላም። ስለዚህ ያ ሦስት ኪሎ ባብዛኛው ስብ አልነበረም።

ውሃ ነበር። ሰውነት ከዳቦና ከሩዝ የሚያገኘውን ስኳር በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። ክምችቱ ግላይኮጅን ይባላል፤ አዋቂ ሰው ላይ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይሆናል። ብቻውን ግን አይቀመጥም። እያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ይቀመጣል። አንቺ ዳቦና ሩዝ ስታቆሚ ክምችቱ አነሰ፤ ውሃውም አብሮት በሽንት ወጣ። ሚዛኑ ደግሞ ስብና ውሃ አይለይም። አየሽ፣ አልዋሸሽም፤ ያልጠየቅሽውን ነው የመለሰልሽ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ትንሽ ሩዝ ስትቀምሺ፣ ጨው የበዛበት ነገር ስትበዪ፣ ወይም የወር አበባሽ ሲቃረብ፣ ውሃው መለስ ይላል። ሚዛኑ አንድ ኪሎ ሲጨምር «ወፈርኩ» ብለሽ ታለቅሻለሽ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ላስቲኩም ያው ነው። ላብ የሰውነት ማቀዝቀዣ ነው፤ ስብ በላብ ቀዳዳ ቀልጦ አይወጣም። አንድ ሊትር ላብ ሲወጣ አንድ ኪሎ ይቀንሳል፣ አንድ ሊትር ውሃ ሲጠጣ አንድ ኪሎ ይመለሳል። እኔም በወጣትነቴ በጠራራ ፀሐይ የዝናብ ካፖርት ለብሼ ሮጬ አውቃለሁ። ከሩጫው መልስ ሚዛን ላይ ወጥቼ ፎከርኩ። ውሃዬን ጠጥቼ ስመለስ ሚዛኑ አሾፈብኝ። እኔስ በሹፈት አለፍኩት። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ የትግል ስፖርተኞች ከውድድር በፊት ኪሎ ለመጣል አየር የማያስወጣ ልብስ ለብሰው፣ በሙቀት ውስጥ እየሠሩ፣ በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ተከታትለው ሞተዋል። የአንቺ ላስቲክ እዚያ ያደርሳል ማለቴ አይደለም። ግን ሙቀትና የውሃ ጥማት እንጂ ሌላ የሚሰጥሽ ነገር የለምና ከነገ ጀምሮ ተዪው።

አሁን ወደ ሆድሽ እንምጣ።

ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል። ከጡንቻው በላይ የተኛውን ስብ ግን አይነካውም። ስብ ያለው በጥቃቅን ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ እያንዳንዷ ሕዋስ እንደ ትንሽ ጎተራ ናት። ሰውነት ጉልበት ሲያጥረው «ልቀቁ» የሚል ትእዛዝ በሆርሞን በኩል ያስተላልፋል። ሆርሞን ከደም ጋር መላ ሰውነትን ይዞራል እንጂ «አንቺ የሆድ ጎተራ ብቻ» ብሎ አይመርጥም። ጎተራዎቹ ከያሉበት ትንሽ ትንሽ ይለቃሉ። የተለቀቀው ስብ ደም ውስጥ ገብቶ ጉልበት ወደፈለገው ጡንቻ ይሄዳል። ስለዚህ ጠዋት ሲት አፕ ስትሠሪ የሆድሽ ጡንቻ ያቃጠለው ስብ ከጭንሽ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከጉንጭሽም ሊሆን ይችላል። «አሞሽ ነበር እንዴ?» ያሉሽ ሰዎች ያዩት ይህንን ነው።

ይህ የእኔ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 ተመራማሪዎች የቴኒስ ተጫዋቾችን ሁለት ክንዶች ለክተው ነበር። ራኬት የሚይዘው ክንድ ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ስለሆነ ጡንቻው ከሌላው ወፍራም ነው። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ውፍረት ግን በሁለቱም ክንድ እኩል ሆኖ ተገኘ። ስብ አጠገቡ በሚሠራው ጡንቻ የሚቀልጥ ቢሆን ኖሮ የቴኒስ ተጫዋች አንድ ክንዱ ከስቶ ይታይ ነበር።

ሌላው ጥናት ደግሞ የአንቺው ታሪክ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. 13 ወንዶች በ27 ቀን ውስጥ እያንዳንዳቸው 5,004 ሲት አፕ ሠሩ። ከመጀመራቸው በፊትና ከጨረሱ በኋላ ከሆድ፣ ከመቀመጫና ከጀርባ ላይ የስብ ናሙና በመርፌ ተወሰደ። የሆድ ስብ ሕዋሳት ከመቀመጫውና ከጀርባው የበለጠ አልቀነሱም። ክብደታቸውም ንቅንቅ አላለም። የአንቺን ሁለት ወር ብናባዛው 12,000 ይደርሳል፤ ሰዎቹን ከእጥፍ በላይ በልጠሻቸዋል! 200 ሲት አፕ የሚያቃጥለው ግን ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያንሳል።

ማን ቀድሞ ይለቃል፣ ማን ኋላ ይቀራል የሚለውን ዘር፣ ፆታ፣ ዕድሜና ሆርሞን ይወስኑታል። አንዳንዷ ከጡቷ ትጀምራለች፣ አንዳንዷ ከፊቷ። ወረፋውን ማስቀየር አይቻልም። ሆድሽ እምቢ አላለም፤ ተራው አልደረሰም።

«ታዲያ ስቡ ሲወጣ በየት በኩል ነው የሚወጣው?» ብትዪ፣ ጥያቄው ሐኪም ሁሉ የሚመልሰው አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች 150 ሐኪሞችን፣ የሥነ ምግብ ባለሙያዎችንና የስፖርት አሠልጣኞችን ጠየቁ። አብዛኞቹ «ወደ ጉልበትና ሙቀት ይቀየራል» አሉ። ትክክለኛው መልስ «በትንፋሽ» ነው። አሥር ኪሎ ስብ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በአፍንጫና በአፍ ይወጣል። የቀረው 1.6 ኪሎ ውሃ ይሆናል። ታዲያ ቁጭ ብለሽ ቶሎ ቶሎ እንዳትተነፍሺ! ያ ራስ ያዞራል እንጂ ስብ አያወጣም። ትንፋሹ ስብ ይዞ የሚወጣው ሰውነት ጉልበት ፈልጎ ጎተራውን ሲከፍት ብቻ ነው።

ጎተራው እንዲከፈት ደግሞ የሚገባው ከሚወጣው ማነስ አለበት። አንቺ ዳቦ ትተሻል፣ ሩዝ ትተሻል፣ እራት በጊዜ ታበቂያለሽ። ሆኖም ለሰባት ሳምንት ሚዛኑ ካልወረደ፣ በአማካይ የገባውና የወጣው እኩል ነበር ማለት ነው። በድብቅ ትበያለሽ ማለቴ አይደለም። የምንበላውን መገመት ለሁላችንም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ልክ እንደ አንቺ «ትንሽ ነው የምበላው፣ ግን አልቀንስም» ያሉ ሰዎችን መረመረ። ሰውነታቸው ጉልበት የሚያቃጥልበት ፍጥነት ደህና ነበር። የበሉትን ግን በአማካይ በ47 በመቶ አሳንሰው፣ የተንቀሳቀሱትን ደግሞ በ51 በመቶ አጋነው ነበር የነገሩት። ሆን ብለው አልዋሹም፤ እውነት መስሏቸው ነው።

ወጥ ቤትሽ ውስጥ ብቆም የማየው ይመስለኛል። ድስቱ ላይ ዘይት ከጠርሙሱ ቀጥታ ይንቆረቆራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ነው፤ ያንን በእግር ለማቃጠል በአንቺ ክብደት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ይጠይቃል። እጅ ግን ሦስት ማንኪያ ያህል አፍስሶ «ትንሽ ጠብ አደረግኩ» ይላል። ከዚያ ጨው ለመቅመስ አንድ ጉርሻ። ልጆቹ ያስተረፉት «ከሚደፋ» ተብሎ ሁለት ጉርሻ። እነዚህን ማንም እንደ ምግብ አይቆጥራቸውም፤ ሰሃን ላይ አልቀረቡማ። ሰውነት ግን ይቆጥራል።

«ብዙ ስለተራብኩ ሰውነቴ ስብ መልቀቅ አቁሞ ይሆን?» የሚሉም አሉ። ሰው ሲራብ ሰውነት ቁጠባ ውስጥ መግባቱ እውነት ነው። ጨርሶ አይቆምም እንጂ። በ1944 እና 45 እ.ኤ.አ. በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወንዶች ለ24 ሳምንት በግማሽ ራሽን ኖሩ። ሰውነታቸው ቁጠባውን አጠበቀው፤ ሆኖም ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጥተዋል። ያጡት ስብ ብቻ አልነበረም፤ ጡንቻም ሄደ። አቅማቸው ደከመ፣ ጠባያቸው ተለወጠ፣ ቀን ከሌሊት ስለ ምግብ ብቻ ያስቡ ጀመር፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚያነቡም ነበሩ። ራስን ማስራብን የማልመክረው ለዚህ ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ሎሚው አይጎዳሽም፣ ጥርስሽን ካላጠረሰሽ በቀር። ስብ ግን አያቀልጥም። የጨጓራ አሲድ ራሱ ከሎሚ ይበረታል፤ አሲድ ቦርጭ የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ሸንቃጣ ነበርን። የምሽት አንድ ሰዓት ገደብም ተአምር የለውም። በማታ ቲቪ ፊት ቁጭ ብሎ መቆርጠምን ካስቀረልሽ ጥሩ ነው፤ ሰዓቱ በራሱ ግን ምግብን ወደ ስብ አይቀይርም። ዳቦና ሩዝ መተውም ግዴታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 609 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከፍለው ግማሾቹ ቅባት፣ ግማሾቹ ዳቦና መሰል ምግቦችን ቀነሱ። የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 5.3፣ ሁለተኛዎቹ 6 ኪሎ ቀነሱ። ልዩነት አለ ሊባል የሚችል አልነበረም። የምትችዪውን ምረጪ። ዳቦ ካማረሽ ለክተሽ ብዪ።

ሻዩ። በዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ። ጽሑፍ የሌለው የሚያከሳ ሻይ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው የሚያስቀምጥ ቅጠል ያለበት ነው። እሱ የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው። ካሎሪው ግን ቀደም ብሎ በትንሹ አንጀት ተመጥጦ አልቋል፤ የሚወጣው ውሃና ዓይነ ምድር ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ሲቡትራሚን የሚባል የምግብ ፍላጎት ዘጊ መድኃኒት ነበር። ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ ስለሚያጋልጥ በ2010 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ «ተፈጥሯዊ» ተብለው በሚሸጡ የማክሻ ሻይና እንክብሎች ውስጥ በድብቅ ተቀላቅሎ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ባልደረባሽ ክፉ አላሰበችም፤ እሷም የምትጠጣውን አታውቅም። ልቧ ቶሎ ቶሎ የሚመታባት ወይም እንቅልፍ የሚነሳት ከሆነ አቁማ ሐኪም እንድታይ ንገሪያት።

አንድ ነገር ደግሞ አንቺ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። ሁለት ልጅ ወልደሻል። በእርግዝና ጊዜ የሆድ ጡንቻዎች ከመሐል ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንዳንድ ሴት ላይ ከወሊድ በኋላ ሳይገጥሙ ይቀራሉ። ያኔ ስቡ ቢቀንስም ሆድ ወደ ፊት ይገፋል። በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ጭንቅላትሽን ትንሽ ቀና አድርጊ። በሁለት ጣት ከእምብርትሽ በላይና በታች መሐል ለመሐል ዳብሺ። ከሁለት ጣት በላይ የሚያስገባ ክፍተት ካለ ሲት አፑን ለጊዜው አቁሚና ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ጋ ሂጂ። ለሱ የሚሆን ሌላ እንቅስቃሴ አለ። ብዙ ሴቶች ዓመታት ሙሉ «ቦርጭ» እያሉ የሚሰድቡት ይህንን ክፍተት ነው፤ በጣም ያናድደኛል። በተጨማሪ የወር አበባሽ ከተዛባ፣ ብርድ ብርድ ካለሽና ሁሌ ከደከመሽ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራ ጠይቂ።

ከዚህ በኋላ እኔ አንቺን ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። በሳምንት ግማሽ ኪሎ አልማለሁ፤ ያ በቀን ወደ 550 ካሎሪ ማጉደል ነው። ግማሹን ከዘይቱና ከጉርሻዎቹ አገኘዋለሁ። ለሁለት ሳምንት ብቻ ዘይቱን በማንኪያ እለካለሁ፣ አፌ የገባውን ሁሉ በሞባይሌ እጽፋለሁ። ዕድሜ ልክ አይደለም፤ ዓይንሽ መጠን እስኪለምድ ነው። በየማዕዱ እንቁላል፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ዓሣ ወይም ሥጋ አላጣም። ፕሮቲን ያጠግባል፣ ጡንቻም እንዳይሄድ ይረዳል። በየቀኑ አርባ ደቂቃ ፈጠን ብዬ እራመዳለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ትልልቆቹን ጡንቻዎች አሠራለሁ፤ ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕ ግድግዳ ተደግፎም ቢሆን፣ ከበድ ያለ ነገር ማንሳት።

እንቅልፍ ደግሞ አለ። ሁለት ልጅ ላላት እናት «ተኚ» ማለት እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ግን በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ትንሽ ጥናት ይገርመኛል። አሥር ሰዎች እኩል ምግብ እየበሉ ለሁለት ሳምንት 8 ሰዓት ተኩል፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት 5 ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። በሁለቱም ጊዜ የቀነሱት ኪሎ ተመሳሳይ ነው። እንቅልፍ ባጠረባቸው ጊዜ ግን ከወጣው ውስጥ የስቡ ድርሻ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ በምትኩ የወጣው ከጡንቻና ከመሳሰለው ነው። ሲት አፑን ትተሽ ያችን የጠዋት ሃያ ደቂቃ ብትተኚባት አላማሽም።

ሚዛን ላይ በየቀኑ የምትወጪ ከሆነ የሳምንቱን አማካይ አውጪ፤ የአንዱን ቀን ቁጥር እርሺው። ሜትር ግዢና ወገብሽን በወር ሁለቴ ለኪ፤ ከወር አበባሽ በኋላ፣ ሆድሽን ሳትስቢ፣ ትንፋሽ አውጥተሽ። ሴት ልጅ ላይ ከ88 ሴንቲ ሜትር በላይ ወገብ የዓለም ጤና ድርጅት ለልብና ለስኳር በሽታ የበለጠ ያጋልጣል የሚለው መጠን ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆንሽ የደም ግፊትሽንና ስኳርሽን መታየት አይከፋም።

ሰማያዊውን ቀሚስ ቁም ሣጥን ውስጥ መልሺው። በየሳምንቱ አትሞክሪው፤ ዚፑም አንቺም ትጎዳላችሁ። የዛሬ አራት ሳምንት አውጥተሽ ዚፑ እስከ የት እንደሄደ በጣትሽ ስፈሪውና ጻፊልኝ።